«ቶል»፦ መከራን ስለ መቻል የሚነገር የስኮትላንድ ቃል ታሪክና አገባብ

በብሪታንያ ደሴት ሰሜን፥ በስኮትላንድ ቆላማ አውራጃዎች የሚኖረው ሕዝብ «ቶል» የሚሉት አንድ አጭር ግሥ አለው። ቃሉን ወደ አማርኛ እንመልሰው ያልን እንደ ሆነ አንድ ቃል አይበቃንም፤ መቻል፥ መታገሥ፥ መሸከም፥ ክፉ ቀንን መዝለቅ፥ እነዚህ ሁሉ በውስጡ አሉ። «መትረፍ ማለት ነው» ብሎ በአጭሩ የሚፈታው ሰው ቢኖር አፈታቱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። እንግሊዞች ስለ መትረፍ የሚናገሩበት ቃል ከላቲን የተወረሰ ሲሆን ምሥጢሩ «ከሌላው አልፎ መኖር» ነው። ስለዚህ የሚቈጥረው ፍጻሜውን ነው፤ ማን ሞተ፥ ማን ቀረ ይላል። ቶል ግን የሚመለከተው መካከሉን ነው። መከራው በላዩ ሳለ የሰውዬው ጉልበት አልከዳውም ይላል እንጂ፥ በመጨረሻው ዳነ ወይም አልዳነ የሚል ነገር በቃሉ ውስጥ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህን ልዩነት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን ስለ ቋንቋው ጥቂት መናገር ይገባናል። በስኮትላንድ ሁለት የቈዩ ቋንቋዎች አሉ። በተራራማው ሰሜንና ምዕራብ በሰፊው ይነገር የነበረው፥ ዛሬም በምዕራብ ደሴቶች ያልጠፋው ጌሊክ፥ ከአየርላንድ ቋንቋ ጋራ የሚዛመድ ነው። ሁለተኛው፥ ስኮትስ የሚባለው፥ የእንግሊዝኛ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ከጥንቱ የአንግሎ ሳክሰን ንግግር ተወልደዋል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ብዙ ዘመን «ኢንግሊስ» ሲሉት ኖረው፥ በኋላ ጳጳስ የሆነው ጋቪን ዳግላስ የሮማዊውን የቨርጂልን ታላቅ ግጥም በ1513 ተርጕሞ ሲፈጽም ቋንቋውን «ስኮቲስ» ብሎ ከደቡቡ ለይቶ ጠራው። ቶል የዚህ የሁለተኛው ቋንቋ ቃል ነው።

የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ በፊደላችን አይገኝም። ምላስ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ገብቶ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ዐረብኛ የሚያውቅ አንባቢ ሦስት የሚለውን የዐረብኛ ቍጥር ሲጀምር የሚሰማው ይኸው ነው። እኛ ለጊዜው በ«ት» ጻፍነው። የጥንት እንግሊዞች ለዚህ ድምፅ «ቶርን» የሚባል ልዩ ፊደል ነበራቸው፤ ትርጕሙም እሾህ ማለት ነው። ስለ መከራ የሚናገር ቃል ከእሾህ መጀመሩ ለባለቅኔ የሚመች አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም።

የቃሉ ዘመዶች ብዙዎች ናቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ውልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቶች ቋንቋ ሲተረጕም «ቱላን» የሚል ግሥ ጽፏል፤ ይህም የእኛ ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ መመለስ ከጀመሩበት ዘመን እጅግ የማይርቅ ነው። ጀርመኖች ትዕግሥትን «ጌዱልት» ይሏታል። ስዊድኖች፥ ኖርዌዮችና ዴንማርኮችም እስከ ዛሬ ድረስ «ይህን ልችለው አልችልም» ለማለት የዚህኑ ቃል ወንድም ይናገሩበታል። ወደ ደቡብ የተሻገርን እንደ ሆነ በላቲን «ቶሌራሬ» ታገሠ፥ «ቶሌሬ» ደግሞ ወደ ላይ አነሣ ማለት መሆኑን እናገኛለን። በግሪክም «ታላንቶን» ሚዛን፥ በኋላም በሚዛን የተለካ ገንዘብ ሆነ፤ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የእኛ መጽሐፍ «መክሊት» ብሎ የመለሰው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ የሁሉም ሥር አንድ ነው፤ ማንሣትና መሸከም።

ሸክምን ማንሣትና መከራን መቻል በአንድ ቃል መነገራቸው በእነዚያ አገሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በግዕዝ «ጾረ» ተሸከመ ማለት ነው፤ ታገሠም ማለት ነው። ከዚሁ ሥር በአማርኛ «ጦረ» ወጣ፤ ልጅ ያረጁ እናት አባቱን ሲጦር ይሸከማቸዋልና። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ ከደመወዛችን የሚቀነስልን ጡረታም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ሦስት ነገር ይናገር ነበር። መጀመሪያ መከራን መቀበል ነው። ሁለተኛው መፍቀድ ነው፤ አንድን ነገር ሲደረግ እያዩ መተው መቻልን ይመስላልና። ሦስተኛው ማጣት ነው። በነገሥታቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥፋት ያጠፋ ሰው «ሕይወቱን ይቶል» ወይም «ርስቱን ይቶል» ተብሎ ይፈረድበት ነበር፤ ይኸውም ይጣ ማለት ነው። ቃሉ ከዳኝነት ጋራ ያለው ዝምድና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ መሆኑን ይህ ያስረዳናል።

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ጊዮም እንግሊዝን ድል ካደረገ በኋላ፥ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ንግግር ፈረንሳይኛ፥ የመጽሐፉም ላቲን ሆነ። መከራን ስለ መቀበልና ስለ መጽናት ከፈረንሳይኛ የተወሰዱት ቃላት ቀስ በቀስ የቶልን ስፍራ ያዙ፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት በኋላ በለንደኑ የጽሕፈት ቋንቋ እምብዛም አልተገኘም። በእኛ አስተያየት ቃሉ የተሸነፈው ስለ ደከመ አይደለም። ገበሬው በእርሻው፥ እናቲቱም በምድጃዋ አጠገብ ሳይተዉት፥ የሚጽፉት ሰዎች ግን በሌላ ቋንቋ ማሰብን ስለ ለመዱ ነው። ቃል ከጽሕፈት ቤት ከወጣ ወደ መንደር ይገባል፤ ከመንደርም ለመመለስ ብዙ ዘመን ያስፈልገዋል።

በሰሜን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የአበርዲን ቤተ ክርስቲያን ሹም ጆን ባርቦር በ1375 ገደማ የንጉሥ ሮበርት ብሩስን ተጋድሎ በግጥም ከጻፈበት ጊዜ አንሥቶ፥ ስኮትስ የነገሥታትና የሕግ ቋንቋ እየሆነ ሄደ። ቶልም በመንደር ሳይወሰን በአደባባይ ኖረ። የሃይማኖት ጸሓፊዎች የክርስቶስን ሕማምና ሞት የተናገሩት በዚህ ቃል ነበር፤ «ሞትን ቶል አደረገ» ብለው ጻፉ። ከላይ እንዳልነው፥ ቃሉ ለዳነውም ለሞተውም እኩል የሚሰጥ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በላቲን ሕማምና ትዕግሥት ከአንድ ግሥ የሚወጡ ስሞች ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሕማማት ሌላ፥ ትዕግሥት ሌላ ነው። ስኮቶች በዚህ ከላቲን ጋራ ይስማማሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ቃሉ በሕግ ውስጥ ያገኘው ማዕርግ ነው። በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ወደ ለንደን ሄደ፤ በ1707 ደግሞ የሁለቱ አገሮች ፓርላማ አንድ ሆነ። በስምምነቱ ግን የስኮትላንድ ሕግና ፍርድ ቤት ሳይነኩ ቀሩ። ስለዚህ በለንደን የተረሱ ቃላት በኤድንበርግ ችሎት መኖራቸውን ቀጠሉ። ከእነዚህ አንዱ «አሳይዙን ቶል አድርጓል» የሚለው አነጋገር ነው። አሳይዝ የሚባለው ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን፥ በስኮትላንድ 15 ሰዎች ሆነው በከባድ ወንጀል ላይ የሚፈርዱት የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ነው። አንድ ሰው ተከሶ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሞ ጕዳዩ በፍርድ ካለቀ፥ ፍርዱን «ችሎታል» ይባላል፤ ዐቃቤ ሕግም በዚያው ነገር ሁለተኛ ሊከሰው አይችልም። ተከሳሹም ደግሞ የተከሰሰ እንደ ሆነ «አሳይዜን ቶል አድርጌአለሁ» ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል።

አንባቢ ይህን አነጋገር ቆም ብሎ እንዲመረምረው እንለምናለን። ነጻ የተለቀቀ ሰው ምን መከራ ተቀበለ ይባላል? ፈርደው ሳይቀጡት ቀሩ፤ ወደ ቤቱም ሄደ። ነገር ግን የድሮ ሕግ ዐዋቂዎች በመንግሥት ኃይል ፊት ተከሶ መቆም፥ በጎረቤት ዓይን መታየት፥ የ15 ሰዎችን ቃል እየተንቀጠቀጡ መጠበቅ ራሱ መከራ መሆኑን ተረድተው ነበር። ያን መከራ አንድ ጊዜ የተሸከመ ሰው ዕዳውን እንደ ከፈለ ተቈጠረ። ብዙ አገሮች ይህን ደንብ በሕጋቸው ጽፈውታል፤ ምክንያቱን በአንድ ግሥ ውስጥ ያስቀመጠ ግን ከስኮትላንድ በቀር አናውቅም።

ደንቡ ሳይነካ አልቀረም። በጥቅምት ወር 1977 በኤድንበርግ ከተማ «ወርልድስ ኤንድ» ከሚባል መጠጥ ቤት የወጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ተገድለው ተገኙ። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ሰው ተከሶ በ2007 ለፍርድ ቢቀርብም፥ ዳኛው የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው ስላሰናበቱት ደንቡ ጋሻ ሆነለት። ሕዝቡም እጅግ አዘነ። በ2011 የስኮትላንድ ፓርላማ ይህን የቆየ ደንብ በጽሑፍ ሕግ ሲደነግገው፥ አዲስና ጽኑ ማስረጃ የተገኘ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት ፈቅዶ ሰውዬው ዳግመኛ ሊከሰስ እንዲችል በር ከፈተ። ያ ሰው በኅዳር ወር 2014 በአዲሱ ሕግ ተፈርዶበት ቢያንስ 37 ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች 37 ዓመት ሙሉ ፍርድ ሲጠብቁ ኖረዋል። ደንቡ የተከሳሹን መከራ ብቻ ሲቈጥር፥ የእነርሱን ቶል የሚቈጥር መዝገብ ሳይኖር መቅረቱን ነገሩ በግልጽ አሳየ። እኛ የቀድሞውን ደንብ ብናከብርም፥ ለውጡ ተገቢ ነበር ከሚሉት ወገን ነን።

ከሕግ ወደ ቅኔ እንለፍ። በ1785 መጨረሻ ገደማ በኤርሻየር አውራጃ ሞስጊል በሚባል እርሻ ላይ የሚያርሰው የ26 ዓመቱ ሮበርት በርንስ፥ ማረሻው የአንዲት አይጥን ጎጆ ስለ ገለበጠበት ለአይጧ ግጥም ጻፈላት። ግጥሙ በኪልማርኖክ ከተማ በሐምሌ 1786 በታተመው፥ ቍጥሩ 612 ቅጂ ብቻ በነበረው መጽሐፉ ወጥቷል። ቶል የሚለው ቃል በዚያ ግጥም የገባበት ስፍራ የሚደነቅ ነው። ክረምቱን በሙቀት ልታሳልፍ ጎጆዋን የሠራች ፍጥረት አሁን ያለ መጠጊያ ቀርታ፥ ውርጭና በረዶ የተቀላቀለበትን ዝናብ ቶል ማድረግ አለባት። ልብ እንበል፤ ባለቅኔው አይጧ ክረምቱን ትለፈው ወይም አትለፈው አልነገረንም። ፍጻሜውን ሳይሆን ሸክሙን አሳየን። ቶል የሚለውን ቃል ከመትረፍ ለመለየት ረዥም ትንተና ከምንጽፍ ይህን አንድ ግጥም ብናስተምር ይሻላል። በርንስ በ1789 የቀረጥ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ በፈረስ እየዞረ ቀረጥ ሲያስከፍል ግጥም መጻፉን አላቋረጠም። በ1796 በ37 ዓመቱ ሞተ።

በዚያው መቶ ዓመት የኤድንበርግ ሊቃውንት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማፈር ጀምረው ነበር። ታላቁ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1752 ጸሓፊ ሊሸሻቸው የሚገባውን የስኮትስ አነጋገሮች ዘርዝሮ አሳተመ። በ1761 ቶማስ ሸሪዳን የተባለ አየርላንዳዊ ተዋናይ ወደ ከተማይቱ መጥቶ የእንግሊዝኛ አነጋገር ሲያስተምር፥ ባላባቶችና ጠበቆች ገንዘብ ከፍለው ተሰብስበው አደመጡት። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሲያዝዝ፥ ያለ ጥርጥር ትልቅ በጎ ሥራ ሠራ። ይሁን እንጂ ልጁ በክፍል ውስጥ የእናቱን ቃል ሲናገር የሚቈጣው፥ አንዳንዴም የሚገርፈው መምህር ጥቂት አልነበረም። እነዚህ መምህራን ክፉዎች ነበሩ አንልም። ልጁ እንግሊዝኛ ካላወቀ እንጀራ አያገኝም ብለው ያሰቡት ለእርሱ ነው። ነገር ግን አንዱን ቋንቋ ለማስተማር ሌላውን ማሳፈር አያስፈልግም ነበር፤ ይህን ከመምህራን አንባቢዎቻችን ይልቅ የሚያውቀው የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ቃሉን ከመጥፋት ያዳኑት ጸጥተኞች ሰዎች ናቸው። ቄሱ ጆን ጄሚሰን የስኮትስን መዝገበ ቃላት በሁለት ጥራዝ በ1808 አሳተመ። ከእርሱ በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለት ታላላቅ መዝገበ ቃላት ተጀመሩ፤ ከ1700 ወዲህ ያለውን ንግግር የሰበሰበው በ10 ጥራዝ በ1976 ሲፈጸም፥ የጥንቱን የሚመረምረው ግን የመጀመሪያ ክፍሉ በ1931 ወጥቶ በ12ኛው ጥራዝ ያለቀው በ2002 ነው። ሥራውን የጀመሩት መጨረሻውን አላዩም።

ቃሉ ባሕርም ተሻግሯል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንጉሥ ጄምስ ብዙ ስኮቶችን በሰሜን አየርላንድ በአልስተር አገር ባሰፈረ ጊዜ ቋንቋቸው አብሯቸው ሄደ። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቈይቶ በ1939 በዚያው አገር የተወለደው፥ በ1995 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ባለቅኔ ሼመስ ሂኒ፥ ቤዎውልፍ የሚባለውን የጥንት እንግሊዝ ታላቅ ግጥም ተርጕሞ በ1999 ሲያሳትም በመቅድሙ ስለዚህ ቃል ጽፏል። ተማሪ ሳለ በቶርን ፊደል የሚጀምረውን ጥንታዊ ግሥ በመጽሐፍ አግኝቶ እንግዳ ሆነበት። ኋላ ግን ልጅ ሳለ ዘመዱ የሆነች አንዲት አሮጊት፥ ሰው ስለ ሞተባቸው ቤተ ሰቦች ስትናገር የምታወጣው ቃል መሆኑን ዐወቀ፤ ሐዘኑን ቶል ማድረግ መማር አለባቸው ማለቷ ነበር። ሂኒ ካቶሊክና አየርላንዳዊ ስለ ነበረ እንግሊዝኛ የሌላ ሰው ርስት ይመስለው ነበር፤ በዚህ ቃል ግን ከቤቱ ምድጃ አንሥቶ እስከ ቤዎውልፍ ድረስ የሚያደርስ መንገድ ተገለጠለት። ተማሪዎች «የመንደር ቃል ምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

አሁን አንድ ክርክር እናንሣ። ቶል ድኻው ዝም ብሎ እንዲገዛ ጌታው ያስተማረው ቃል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። በስኮቶች ዘንድ የቻለ ያሸንፋል የሚል ምሳሌ አለ፤ በእኛም ትዕግሥት መራራ ናት፥ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ናት ይባላል። እንዲህ ያለውን ምሳሌ የጠገበ ሰው ለተራበ ሰው ሲናገረው ደስ የማያሰኝ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ቃሉን በሙሉ አገባቡ ያየነው እንደ ሆነ ክሱ አይጸናም። ለመገዛት የቀረበ ሌላ ግሥ አላቸውና፤ እርሱም «ድሪ» የሚባለው ነው። «ዕጣህን ድሪ» ሲሉ የተጻፈብህን ፈጽም ማለታቸው ነው። በጎቶች ቋንቋ የዚህ ግሥ ወንድም ዘመተ ማለት ነበር፤ ወታደር የታዘዘውን ይፈጽማልና። ቶል ግን የሚናገረው ስለ ዕጣው ሳይሆን ስለ ተሸካሚው ጉልበት ነው። በሕግም ቻይነቱ ለሰውዬው መብት ሆኖለታል እንጂ ባርነት አላመጣበትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬ ቃሉ ከአፍ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአሉታ ጋራ ነው። የግላስጎ ሰው «ካኒ ቶል» ሲል አልችለውም ማለቱ ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ ከስኮትስ ይልቅ የሚያስገርም ነው፤ መቻል ለእኛ ኃይልም ትዕግሥትም ስለ ሆነ «ልችለው አልቻልሁም» እንላለን፤ ታጋሹንም ሰው «ቻይ» እንለዋለን። ትዕግሥትን ከኃይል ለይቶ ለማየት እኛ እንቸገራለን፤ ስኮቶች ደግሞ ትዕግሥትን ከሸክም ለይተው ለማየት ይቸገራሉ።

በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከስኮትላንድ ነዋሪዎች ከ2.4 ሚሊዮን የሚበልጡት ስኮትስን በመናገር፥ በማንበብ፥ በመጻፍ ወይም በመረዳት ጥቂት ችሎታ እንዳላቸው ተናግረዋል። በሰኔ ወር 2025 ፓርላማቸው ስኮትስንና ጌሊክን የአገሪቱ መደበኛ ቋንቋዎች አድርጎ የሚቀበል ሕግ አጸደቀ። ሂዩም ከጽሑፍ ሊያስወጣው የዘረዘረው አነጋገር ከ273 ዓመታት በኋላ በሕግ ፊት ስፍራ አገኘ። ሕዝቡ በበኩሉ ይህን ሕግ ሳይጠብቅ፥ ጥርሱ ሲያመው፥ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ሲቀር፥ ወሬኛ ጎረቤት በር ላይ ሲቆምበት፥ ቶል ማድረግ እንዳቃተው ሲናገር ኖሯል።